ቤት ድረስ የምትመጣ ነርስ

በሰሜን ሸዋ ደጋ በድንገት የታመመ ሰው በቃሬዛም ሆነ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ይደርሳል። እርጅና ግን የሚወሰድበት ቦታ የለውም። ደም ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ የጉልበት ሕመሙና የዓይን ሞራው ከባለቤቱ ጋር ምድጃ ዳር ይከርማሉ። በቀየትና በዙሪያዋ፣ በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ፣ አረጋዊን የሚጦረው ልጅ፣ ምራትና የልጅ ልጅ ነው። ምግብ፣ ልብስና አክብሮት አይነፍጉትም። የሚጎድለው የሠለጠነ ዓይን ነው። ያንን ዓይን ይዛ ቤት ድረስ የምትመጣው ባለሙያ ነርስ ናት። ይህ ጽሑፍ እሷን ያስተዋውቃል።

ማን ናት?

የቤት ለቤት ነርስ በኮሌጅ ወይም በዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ተምራ፣ በጤና ባለሙያነት ተመዝግባ የሙያ ፈቃድ የያዘች ናት። በሰሜን ሸዋ ሙያውን ከሚያስተምሩት መካከል የደብረ ብርሃን ጤና ሳይንስ ኮሌጅና በፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ይገኛሉ። ሰው «ሲስተር» ይላታል፤ ወንድ ከሆነ «ብራዘር» ነው።

ከሆስፒታል ነርስ የሚለያት የሥራ ቦታዋ ነው። በሆስፒታል ሕግ የምታወጣው እሷ ናት፤ ሕመምተኛው በሷ ሰዓት ይበላል፣ በሷ ሰዓት ይተኛል። ቤት ስትሄድ ግን እንግዳ ናት። አልጋው መደብ ሊሆን ይችላል፤ ብርሃኑ ከበሩ የሚገባው ብቻ ነው፤ ውኃው ከምንጭ በጀሪካን የመጣ ነው። አጠገቧ የምትጠይቀው ሐኪም የለም። ያየችውን ራሷ መመዘን፣ በቤት የሚያዘውን በቤት መያዝ፣ የማይያዘውን ሳይመሽ ሪፈር ማለት አለባት። ለዚህ ነው ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች የቤት ለቤት ሥራ ለጀማሪ ነርስ ይከብዳል የሚሉት።

ከሌሎች የቤት ጎብኚዎችም ትለያለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዋነኛነት የመከላከል ሥራ ትሠራለች። ተንከባካቢ ወይም አስታማሚ ያጥባል፣ ያጎርሳል፣ ይደግፋል። ነርሷ ደግሞ ትመረምራለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ትጠርጋለች፣ ካቴተር ትቀይራለች፣ በሐኪም የታዘዘው መድኃኒት በአግባቡ መወሰዱን ትከታተላለች። ከሁሉ በላይ ግን ቤተሰቡን ታስተምራለች። እሷ የምትቆየው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ቀሪውን ቀንና ሌሊት የምታስታምመው ምራቲቱ ናት።

ሥራው ከየት መጣ?

ነርስን ወደ ድሃ ቤት የመላክ ሐሳብ በዘመናዊ መልኩ የተደራጀው በእንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 የሊቨርፑሉ ነጋዴ ዊልያም ራትቦን ሚስቱን በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ያስታመመቻትን ነርስ ሜሪ ሮቢንሰንን ቀጥሮ የከተማዋን ድሆች ቤታቸው ድረስ እየሄደች እንድታክም አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1893 ሊሊያን ዋልድ የምትባል ነርስ ኒውዮርክ ውስጥ ስደተኞች በታጨቁበት ሰፈር ተመሳሳይ ሥራ ጀመረች።

በእኛ አገር ከነርስነት ቀዳሚዎች አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 በመንግሥት መዝገብ የሰፈሩ ነርስ ሆኑ። ከነጻነት በኋላ ብዙም ሳይቆዩ እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምቴ ላይ በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ነርሶችን ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እሱን ነው።

ነርስን ከሆስፒታል አውጥቶ ወደ ሕዝቡ በመላክ በኩል ግን ትልቁ ባለውለታ ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። በየመንደሩ እየዞረች እናቶችን የምትጎበኘው የማኅበረሰብ ነርስ ለዛሬዋ የቤት ለቤት ነርስ ታላቅ እህቷ ናት።

ከዚያ ወዲህ በሩን በሰፊው የከፈተው በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ከ3 እስከ 5 ሺህ ሰው ላለበት ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ፣ በኬላው ሁለት ሠራተኞች፣ በእጃቸው 16 የጤና ፓኬጆች። ሠራተኞቹ አሥረኛ ክፍል የጨረሱና አንድ ዓመት የሠለጠኑ የአካባቢው ሴቶች ነበሩ። በመላ አገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። የእያንዳንዱ ቤት የጤና ታሪክ የሚሰፍርበት የቤተሰብ ማህደርም ተከፈተ። ፕሮግራሙ የተወለደው እናቶችና ሕፃናት በብዛት በሚሞቱበት ዘመን ስለነበር ትኩረቱ ክትባት፣ ወሊድ፣ የቤተሰብ ምጣኔና መጸዳጃ ቤት ላይ ነበር። ተገቢም ነበር።

ለከተሞች በተዘጋጀው ፕሮግራም ደግሞ በር የምታንኳኳው ራሷ ነርስ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ዲፕሎማ ያላቸው ነርሶች ለሦስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ተሰማሩ፤ የታሰበውም አንዷ ለ500 አባወራ እንድትደርስ ነበር። በአገራችን ነርስ በመንግሥት ደሞዝ ቤት ለቤት እንድትሄድ በስፋት የተሠራበት መንገድ ይህ ነው።

ከቡናው በፊት

ነርሷ አንዲትን ባልቴት ለመጎብኘት ገባች እንበል። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ይጠየቃል። ይህ ጊዜ የባከነ አይደለም። ደም ግፊት በትክክል የሚለካው ሰውየው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ረጋ ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ስለሆነ ወጉ ለሳይንሱ ይመቻል። ቡናው ግን ያስቸግራል። ቡና ግፊትን ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርግ ከመለካቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ባይጠጣ ይመረጣል። ስለዚህ ብልኋ ነርስ አቦሉ ሳይቀዳ «እማማ፣ ቡናው እስኪደርስ ክንድዎን ልየው» ትላለች።

ደጋ ነውና ክንድ በቀላሉ አይገኝም። ጋቢው፣ ከሥሩ ሹራቡ፣ ከሥሩ ቀሚሱ አለ። መለኪያውን በልብስ ላይ መጠቅለል ወይም እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ ክንዱን ማነቅ ቁጥሩን ያሳስታል። ክንዱ ራቁቱን ሆኖ በልብ ትክክል ይደገፋል፣ ጀርባ ይደገፋል፣ እግር መሬት ይነካል፣ ወሬ ይቆማል። 140/90 እና ከዚያ በላይ የደም ግፊት ምልክት ቢሆንም በአንድ ቀን ልኬት ብቻ ሰው «ግፊተኛ» አይባልም፤ በሌላ ቀን ይደገማል።

ቀጥላ የብዙ ጤና ጣቢያ ወረፋ የማይፈቅደውን ታደርጋለች፤ ባልቴቷን አስነሥታ ቆመው እንደገና ትለካቸዋለች፣ ከአንድና ከሦስት ደቂቃ በኋላ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ባልቴቷ ከመኝታ ሲነሡ ዓይናቸው ሊጨልም፣ ሊወድቁም ይችላሉ። ሌሊት ለሽንት ወደ ደጅ የሚወጣ አረጋዊ ዳሌው ተሰብሮ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጨለማው ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን የመድኃኒቱ መጠን ሊሆን ይችላል። ነርሷ ይህን ጽፋ ለሐኪሙ ታሳውቃለች። ባልቴቷንም «ሲነቁ ወዲያው አይነሡ፤ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ እግርዎን ያወዛውዙ፣ ከዚያ ይቁሙ» ብላ ትመክራለች።

ጥያቄዎቿም ዘዴ አላቸው። «እንዴት ነዎት?» ብላ የጠየቀች ነርስ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከሚል ምስጋና በቀር አታገኝም። ስለዚህ ዞር ብላ «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደረሱ?» ትላለች። ኪዳን የማያስታጉሉ እናት ሦስት ሳምንት ከቀሩ አንድ ነገር አለ፤ ወይ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ ወይ ጉልበታቸው ዝሏል፣ ወይ ሽንት አልቋጠር ብሏቸው አፍረዋል። የትንፋሹ ነገር በዚህ አገር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ዛፍ በሳሳበት ደጋ የሚነደው ኩበት ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ በጭስ ውስጥ የጋገረች ሴት ሲጋራ ሳትቀምስ ሳንባዋ ሊታመም ይችላል።

አጎዛው፣ ምድጃውና ጾሙ

የአልጋ ቁስል የቤት ለቤት ነርስ ዋና ጠላት ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ገላ በአጥንትና በመኝታው መካከል ተጨቁኖ ደም ሲያጣ ይሞታል። መነሻው ብዙ ጊዜ ወገብ ሥር፣ ዳሌና ተረከዝ ነው። የሕክምና መጻሕፍት የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ነው ቢሉም በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ነርሷ በጣቷ ትዳስሳለች። ከሌላው ገላ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የለሰለሰ፣ ቀለሙ የጠቆረ ቦታ ካለ ቁስሉ ሳይፈነዳ ጀምሯል ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሕመምተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ወደ ሌላ ጎን ማዞር፣ ሽንት እንዳይበላው ማድረቅና ተረከዙን ከመኝታው ከፍ ማድረግ ለመድኃኒት የሚወጣውን ብር ያስቀራል።

በዚህ ነገር የመንዝ ቤት ሳያውቀው የያዘው ሀብት አለ። መንዝ የጠጉራም በግ አገር ነው፤ ባናው፣ በርኖሱና አጎዛው ከዚሁ በግ ይወጣሉ። አውስትራሊያ ውስጥ በሆስፒታል ሕሙማን ላይ በተደረጉ ጥናቶች ለሕክምና በተዘጋጀ የበግ አጎዛ ላይ የተኙ ሰዎች በተለመደው ፍራሽ ከተኙት ያነሰ የአልጋ ቁስል ገጥሟቸዋል። ጠጉሩ ጫናን ይበትናል፣ እርጥበትንም ከገላ ያርቃል። የቤታችን አጎዛ እንደዚያኛው በልዩ መንገድ የለፋና የሚታጠብ አይደለም፤ ቢሆንም ንጹሕና ደረቅ ሆኖ፣ ፀሐይ እየተሰጣ፣ ጠጉሩ ወደ ገላ ዞሮ ቢነጠፍ ከባዶ መደብ እጅግ ይሻላል። ሕመምተኛውን ማገላበጥን ግን አይተካም።

ምድጃው ሌላ ነገር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ አረጋዊ እግሩን ወደ እሳት ይዘረጋል። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ ቃጠሎው አይሰማውም፤ ውኃ ከቋጠረ በኋላ ልጁ አይታ ትጮኻለች። ስለዚህ ነርሷ ስኳር ያለበትን ሰው ስትጎበኝ ጫማ ታስወልቃለች። በጣቶች መካከል፣ ውስጥ እግርና ተረከዝ ትመለከታለች። እግር ከምድጃ እንዲርቅ፣ በሹራብ ካልሲ እንዲሞቅ፣ በየቀኑ እንዲታይ ታስጠነቅቃለች። ኢንሱሊን የሚወጋ ካለ የማከማቻው ነገር ይነሣል፤ ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፣ ሥራ የጀመረው ከፀሐይና ከእሳት ርቆ ቀዝቃዛ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ደጋው እዚህ ላይ ያግዛል፤ ውርጭ ግን ጠላት ነው፤ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ተመልሶ አይሠራም። ያገለገለው መርፌ ደግሞ ሜዳ አይጣልም፤ በሴፍቲ ቦክስ ተመልሶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

ስለ መድኃኒት የሚገጥማት አብዛኛው ችግር ከዕውቀት ማነስ ነው። ሽማግሌው ሲሻላቸው የግፊቱን ክኒን ያቆማሉ፤ ጎረቤት «እኔን አድኖኛል» ያለውን ይጨምራሉ፤ ማንበብ የማይችሉም አሉ። ነርሷ መድኃኒቱን ሁሉ ፊቷ አስዘርግፋ ጊዜው ያለፈበትን ትለያለች፤ በጠዋቱ ከረጢት ላይ ፀሐይ፣ በማታው ላይ ጨረቃ ትስላለች። የልጅ ልጅ ካለ ኃላፊነቱን ለሱ ትሰጣለች።

ጾም ሲገባ ጉዳዩ ይረቃል። የስኳር ክኒን ውጦ ወይም ኢንሱሊን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም አረጋዊ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። «አይጹሙ» ብላ የምትወጣ ነርስ አትሰማም፤ ተመልሳ ብትመጣም የምታገኘው ዝምታ ነው። የንስሐ አባትን ማነጋገር ይሻላል፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ታዝናለች። ጠበልም እንዲሁ ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ ማስተማራቸው በእንጦጦ ጠበል መድኃኒት ያቋረጡ ብዙዎች እንዲያስቡበት መንገድ ከፍቷል። ያ ምክር ለግፊትና ለስኳር መድኃኒትም ይሠራል።

ምግቡንም ታያለች። ጥርሱ ያለቀ አረጋዊ ፊት ቆሎ ማቅረብ አክብሮት እንጂ ምግብ አይደለም። በሶ፣ አጥሚት፣ የላመ ገንፎና የባቄላ ሽሮ ያዋጣሉ፤ ጨውና በርበሬ ይቀነሳሉ። አንድ ቀን የአረጋዊው ፊት ወደ አንድ ጎን ቢጣመም፣ ክንዱ ቢዝል፣ ምላሱ ቢተሳሰር ግን ምች ነው ተብሎ ቅጠል አይፈለግም። ስትሮክ ነው፤ በተገኘው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ፣ ወደሚቀርበው ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉት

ይህ ሥራ በአሜሪካ የተደራጀ ዘርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በሕግ የተቋቋመው ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን መድን፣ ሐኪም ካዘዘና ሰውየው ከቤት መውጣት የሚያዳግተው ከሆነ የነርስን የቤት ጉብኝት ይከፍላል። ትእዛዙ በየ60 ቀኑ ይታደሳል። በመጀመሪያው ቀን የሚመጣው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የተመዘገበ ነርስ ነው፤ ከራስ እስከ እግር መርምሮ ዕቅድ ያወጣል። የማጠቡና የማልበሱ ሥራ የረዳት ሠራተኛ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ኑሯቸውን የጀመሩት በዚህ ረዳትነት ነው። ቀን እየሠሩ ማታ ተምረው፣ ኤንክሌክስ የተባለውን የነርሶች ፈተና አልፈው የተመዘገቡ ነርሶች የሆኑም ጥቂት አይደሉም። የሰው አገር ሽማግሌ በሰዓት ክፍያ እየጦሩ ለገዛ እናታቸው ብር ይልካሉ፤ በዚያ ብር ግን እናት ባሉበት መንደር የሚቀጠር ነርስ አይገኝም።

ምን ጎደለ?

እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች የነበረው የኢትዮጵያውያን በሕይወት የመቆየት አማካይ ዕድሜ ዛሬ ከ65 በላይ ደርሷል። ክትባቱና የእናቶች ክትትሉ የሠራው ሥራ ውጤት ነው። ያደጉት ልጆች ያረጃሉ፤ ሥርዓቱ ግን ገና አልሰፋላቸውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2035 የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች ቦታ ሰጥቷል፤ አንዳንድ ጤና ኬላዎችም ነርስና ሌላ ባለሙያ እንዲኖራቸው ያስባል። ነገር ግን ዕቅዱ በወረቀት ላይ ያማረውን ያህል ገደል ለገደል የሚያስኬደው መንገድ አልተስተካከለም፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም ባለሙያንም መድኃኒትንም አግዷል።

ጧሪ የሌላቸውን በማንሣት እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን አሰባስቧል። አብዛኛው አረጋዊ ግን ቤቱ ነው ያለው፣ ከቤቱም መውጣት አይፈልግም። ቤት ድረስ መሄድ እንደሚቻል ሆስፒስ ኢትዮጵያ አሳይቷል። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ያቋቋሙት ይህ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ የማይድን ሕመም የጸናባቸውን ሰዎች ነርሶችን ወደ ቤታቸው እየላከ ስቃያቸውን ያስታግሳል።

ከሁሉም ለደጋው የሚቀርበው ምሳሌ ግን የዕድሮቹ ነው። ኤችአይቪ በበረታበት በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዕድሮች አባሎቻቸውን መቅበር ሲያታክታቸው፣ በነርሶች የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች አሰማርተው በየቤቱ የተኙትን ማስታመም ጀመሩ። ለሞት የተቋቋመ ማኅበር ለሕይወት ዋለ። ዕድር ወይም ሰንበቴ የሌለበት መንደር በሰሜን ሸዋ እምብዛም አይገኝም። አንድ ዕድር ብቻውን ነርስ መቅጠር አይችል ይሆናል፤ ሦስት አራቱ ተባብረው በአቅራቢያቸው ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ቢስማሙ ግን በወር አንድ ቀን ነርሷን በበቅሎም በሞተርም ወስደው አልጋ ላይ የዋሉትን ማስጎብኘትና ከየቤቱ አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት በአስታማሚነት እንድትሠለጥን ማድረግ አያቅታቸውም።

ዕድርተኛ የሆናችሁ አንባቢያን፣ ለድንኳንና ለንፍሮ ከምታጠራቅሙት ላይ ለነርሷ መጓጓዣና ለአንድ የግፊት መለኪያ የሚሆን ቀንሱ። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙት፤ አልጋ ላይ የዋሉትን አባላትም ስም ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ።